ያለ ፈቃድ የምትነድ ኮከብ

በእኛ አገር ኮከብ የሌለው ሰው አያገባም። ያገባም እንደሆነ ኮከቡ ስትሞት ትዳሩ ይፈርሳል። ሕጉን ማን እንዳወጣው አይታወቅም፤ ለምን እንደወጣ የሚጠይቅ ስለሌለ ግን ማን እንዳወጣው አለመታወቁ ችግር ፈጥሮ አያውቅም። እኔም ባሌን ላጣ እስክደርስ ድረስ አልጠየቅሁም። አሁን ነገሩ በደኅና አልፏል። ከጓሮ የመጋዙን ድምፅ እየሰማሁ የሆነውን በቅደም ተከተል እጽፈዋለሁ።

ልጅ ሲወለድ ከብርሃን ቤት የተላከ ሰው ጣሪያ ላይ ይወጣና በቤቱ አናት ትክክል ያለችውን ኮከብ ያያል። ያቺ የልጁ ኮከብ ናት። ቀን የተወለደ ልጅ እስኪመሽ ያለ ኮከብ ይቆያል፤ እስከዚያው ቢያለቅስ እንኳ ማንም አይሰማውም። አድጎ ማግባት ሲፈልግ ደግሞ ኮከቡ ከሙሽራዋ ኮከብ ጋር መግጠም አለመግጠሟ ይመረመራል። "ገጠመ" የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ሥራ አለው። በር ከመቃኑ ጋር ልክ ሲሆን ገጠመ ይባላል፤ ሁለት ሰዎች ገበያ መሐል ሲደባደቡም ገጠሙ ይባላል። እኔና ዳምጤ ስንጋባ ኮከባችሁ ገጥሟል ተባልን። ዳምጤ በር ሠሪ ስለሆነ የመጀመሪያውን ነው የተረዳው። እናቴ ሁለተኛውን ነው የተረዳችው።

የእኔ ኮከብ ቀንበጥ ትባላለች፤ ነጭ፣ ትንሽ፣ ጠባይዋ የማይለዋወጥ ናት። የዳምጤ ኮከብ ወለላ ናት፤ ቀለሟ እንደ ማር ነው።

በብርሃን ቤት ተመልካች ነኝ። ሥራዬ የኮከቦችን ብርሃን ማየትና ቀድሞ ከነበረው ጋር ማወዳደር ነው። ግምት አይፈቀድልንም። "ይመስለኛል" ያለ ተመልካች አንድ ክረምት ሙሉ ደመና ብቻ እንዲመለከት ይመደባል። ወለላን ከሌሎቹ አብልጬ እከታተላት ነበር፤ ምክንያቱን መናገር አያስፈልግም። ብርሃኗ ከፍ ዝቅ ይላል። ከፍ ዝቅ የሚልበት ዙር ደግሞ በየዓመቱ ያጥራል። እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚሽከረከሩ ሁለት ሰዎች እየተቀራረቡ ሲሄዱ እንደሚፈጥኑት ማለት ነው። ይህንኑ ለአለቃዬ ለብርሃን ሹሙ ነገርኩት።

"አንዲት ኮከብ ከማን ጋር ትሽከረከራለች?" አለኝ።

"ሁለት ሳይሆኑ አይቀሩም፣ ጌታዬ። ከመቀራረባቸው የተነሣ አንድ መስለው ነው የሚታዩን።"

"ሳይሆኑ አይቀሩም?"

ያን ክረምት ደመና ስመለከት ከረምኩ።

በመከሩ ማብቂያ ላይ ወለላ ቦግ አለች። ፀሐይ ገና ጠልቃ ሳትጨርስ ትታይ ነበር። ከሰማዩ ሁሉ የምትበልጥ ሆነች። በእሷ የተወለዱ ሰዎች በመንገድ መሐል መሐሉን መሄድ ጀመሩ፤ ሌላው ዳር ዳሩን ያዘ።

"ስንዱ፣ ትልቁን ሳህን አቅርቢልኝ" አለኝ ዳምጤ። "ኮከቤ አድጋለች።"

"ኮከብህ እንጂ ሆድህ አላደገም" ብዬ የለመደውን አቀረብኩለት።

ኮከብ ድንገት ቦግ ስትል ብርሃን ቤት ከሁለት ቃላት አንዱን ማወጅ አለበት፤ "ተወለደች" ወይም "ሞተች"። ሦስተኛ ቃል የለም። ሹሙ "ተወለደች" ሊል ከበሮውን አስወጥቶ ነበር። ከበሮው ገና ሳይወጠር ወለላ ብርቱካን መሰለች። ቀጥላ ከእሳት የወጣ ብረት ሲቀዘቅዝ እንደሚቀላው ቀላች፤ ከዚያ ጠየመች፤ ከዚያ ጠፋች። ቦታዋን አየሁ። ባዶ ነበር። ከበሮው ተመታና "ሞተች" ተባለ።

ሕጉ የሚለው ይህን ነው። ከሞቱ አዋጅ በኋላ ጨረቃ ስትሞላ የሟቿ ኮከብ ሰዎች ከቤታቸው ወጥተው ከወንዝ ማዶ ወዳለው የተጠባባቂዎች ሰፈር ይገባሉ። እዚያ አዲስ ኮከብ እስክትወለድላቸው ይጠባበቃሉ። አዲስ ኮከብ ተወልዳላቸው አታውቅም። የሚሄዱበት ቀን እስኪደርስ ደግሞ ማንም ስለ እነሱ ሲናገር በሰዋስው "ኃላፊ ጊዜ" በሚባለው ብቻ ይናገራል። ስሙን ራሳቸው ኃላፊዎች ያወጡት ይመስላል።

መጀመሪያ የመጣው ጎረቤታችን ቢተው ነው። ያዘዘውን በር ሊያይ ነበር። ዳምጤ በጓሮ በሩን እየላገ፣ መላጊያው ፍቅፋቂ እየተፋ፣ ቢተው ወደ እኔ ዞሮ ራሱን ነቀነቀ።

"ጎበዝ በር ሠሪ ነበረ" አለኝ።

"በሩን እኮ እየሠራሁልህ ነው" አለው ዳምጤ።

"እጁ ወርቅ ነበረ" አለ ቢተው። "ማጠፊያውን ግን ትንሽ ወደ ታች ቢያደርገው ጥሩ ነበር።"

ዳምጤ ማጠፊያውን ትንሽ ወደ ታች አደረገው።

ቀጥላ እናቴ ልታጽናናኝ መጣች። እናቴ ስለ ዳምጤ በጎ ቃል ተናግራ አታውቅም። በር እየሠራ በር አይዘጋም፣ ሲያላምጥ ጎረቤት ይሰማል፣ በርበሬ ያበዛል፤ ከሰርጋችን ጀምሮ የሰማሁት ይህንኑ ነው። ያን ቀን ግን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከጎኔ ተቀመጠች። ዳምጤ ፊት ለፊታችን ይበላ ነበር።

"ደግ ሰው ነበረ" አለች።

"እማማ፣ እዚህ ነኝ" አለ ዳምጤ።

እናቴ እንባዋን ጠረገች። "ድምፁም እንዴት ያምር ነበር!"

ዳምጤ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በየቀኑ እየመጣች እያመሰገነችው ሄደች፤ ምስጋናው በበዛ ቁጥር ሳቁ አነሰ። አንድ ቀን በርበሬውን ሳቀርብለት እጁን ሰበሰበና፣ "እወድ ነበር" አለኝ።

"ምን አልክ?"

"በርበሬ እወድ ነበር አልኩ።" የተናገረውን ራሱ ሲሰማው ደነገጠ።

ፍርሃቴ የጀመረው ያኔ ነው። ሌላው ሰው ነበረ ቢለው እኔ ነው እለዋለሁ፤ ይህ ቤታችንን ያቆመ ነበር። እሱ ራሱ ነበርኩ ካለ ግን ብቻዬን አልችልም። ጨረቃዋ ደግሞ ግማሽ ሆናለች።

ስለዚህ የማውቀውን ሥራ ሠራሁ፤ ያየሁትንና ያላየሁትን ለየሁ። ያየሁት ወለላ መጥፋቷን ነው። ስትሞት አላየሁም። ኮከብ ፈንድታ ስትሞት ነጭ፣ አንዳንዴም ሰማያዊ ሆና ትታያለች፤ እንዲህ ገና ከመነሻዋ ቀልታ፣ ቀልታ፣ ቀስ ብላ አትሰወርም። ከውስጧ ትቢያ ተፍታ ትቢያው ሸፍኗት ቢሆንስ? ትቢያ ለዓይን የሚታየውን ብርሃን ያስቀራል፤ ሙቀትን ግን ማስቀረት አይችልም፤ ራሱ ይሞቅና ወደ ውጭ ይሰጠዋል። በብርሃን ቤት ምድር ቤት ውስጥ የሙቀት መነጽር የሚባል መሣሪያ አለ። ማንም ተጠቅሞበት አያውቅም። ብርሃን ሹሙ ዘንድ ገባሁ።

"ከቀይ በታች ያለ ብርሃን አለ፣ ጌታዬ። ታሕተ ቀይ ይባላል። ወለላ በእሱ እያበራች እንደሆነ ማየት እፈልጋለሁ።"

"ይታያል?"

"ለዓይን አይታይም። እሳት አጠገብ ዓይንዎን ጨፍነው ሲቆሙ ጉንጭዎ የሚያውቀው ነው።"

"የማይታይ ብርሃን!" አለና ጸሐፊውን አየው፤ ጸሐፊው ሳቀለት። "ስሚ ስንዱ፣ የሚታይ የእኛ ነው። የሚሞቅ የምድጃ ጽሕፈት ቤት ነው። መነጽሩን የቆለፍነውም ለዚሁ ነው። የሰው ማጀት አንገባም።"

"የምድጃ ጽሕፈት ቤት ከፈቀደስ?"

"እነሱ ከፈቀዱ እኔ አላየሁም" አለኝ። በሥራ ዘመኑ ከተናገረው ሁሉ ለእውነት የቀረበው ይኸው ነው።

የምድጃ ሹሙ ወፍራም፣ ቁጡ፣ በደረቱ የብር ጉጠት ያንጠለጠለ ሰው ነው። የሹመቱ ምልክት የሆነች እሳት ያላት ትንሽ ምድጃ በሄደበት ሁሉ ከኋላው ትከተለዋለች፤ ሁለት ሰዎች ይሸከሟታል።

"ምድጃው የማን ነው?" አለኝ።

"የማንም አይደለም። ኮከብ ናት።"

"ባለቤት የለውም" አለ ለጸሐፊው። "የት ነው የሚገኘው?"

"ሰማይ ላይ።"

"ፎቅ" አለ ለጸሐፊው። "የጭስ ማውጫ አለው?"

"የለውም፣ ጌታዬ።"

የምድጃ ሹሙ ከወንበሩ ተነሣ። "ባለቤት የሌለው፣ ጭስ ማውጫ የሌለው፣ ፎቅ ላይ ያለ ምድጃ! ይህን ሁሉ ዘመን ያለ ፈቃድ ሲነድ አንድ ሰው አይነግረኝም?"

"መንደዱ ገና አልተረጋገጠም። እሱን ነው ማረጋገጥ የፈለግሁት።"

"እናረጋግጣለን! በሥራ ሰዓት እናረጋግጣለን።"

የምድጃ ጽሕፈት ቤት የሚዘጋው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ኮከብ በቀን ለማየት ሹሞች የብርሃን ቤት ግንብ ላይ እንደሚወጡ ሲሰማ ከተማው ሳቀ። ለሙቀት መነጽር ግን ይህ ያን ያህል ችግር አይደለም። ለዓይን ሰማያዊ ሆኖ የሚያንጸባርቀው ሰማይ ከቀይ በታች ባለው ብርሃን ሲታይ ጨለም ያለ ነው። የወለላን ቦታ ደግሞ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። የመነጽሩ ችግር ሌላ ነው። ሙቀት የሚለካ መሣሪያ ራሱ ከሞቀ የሚያየው ራሱን ነው፤ ስለዚህ በበረዶ መታሸግ አለበት። በረዶው ከተራራው በበቅሎ ተጭኖ የደረሰው ጨረቃዋ ልትሞላ አንድ ምሽት ሲቀራት ነው።

ግንቡ ላይ የወጣነው እኔ፣ ሁለቱ ሹሞችና በረዶውን የተሸከመው ዳምጤ ነን። ብርሃን ሹሙ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆመ፤ አላየሁም ብሎ ነበርና። የምድጃ ሹሙ ምድጃ ከበሩ ውጭ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። መነጽሩን በበረዶ አሸግሁ፤ ወደ ወለላ ቦታ አዞርኩ። ወዲያው የመሣሪያው ቀስት ተነሣ።

"ይኸው ነደደ!" ብሎ የምድጃ ሹሙ አጨበጨበ።

ብርሃን ሹሙ ከግድግዳው ዘወር አለ። ዳምጤ እጆቹን ከበረዶው ውስጥ ሳያወጣ አየኝ። በዓይኑ ውስጥ ያየሁትን አልጽፈውም። እዚያው ላይ ባቆም ማንም አይጠይቀኝም ነበር። እጄ ግን የለመደውን አደረገ፤ መነጽሩን ከወለላ ላይ አንሥቼ አጠገቧ ወዳለው ባዶ ሰማይ አዞርኩ።

ቀስቱ አልወረደም።

"ይህ ኮከብ አይደለም" አልኩ። "ባዶው ሰማይም እኩል ሞቋል። ከዚሁ ከግንቡ የሚመጣ ሙቀት ነው።"

ዞር ስል የደረጃው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከበሩ ማዶ የሹመቱ ምድጃ ቀልታ ትነዳለች።

"በሩን ማነው ክፍት የተወው?" አለ የምድጃ ሹሙ።

ሁላችንም ዳምጤን አየነው። በመጨረሻ የገባው እሱ ነበር። ዳምጤ በረዶውን አስቀምጦ ሄደና በሩን ዘጋው። ካገባሁት ጀምሮ በር ሲዘጋ ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ምድጃዋም ወደ ታች እንድትወርድ ለመንኩ። የምድጃ ሹሙ ያለ ምድጃው ሹም እንዳልሆነ ገለጸልኝ፤ ለጥቂት ጊዜ ሹም እንዳይሆን ለመንኩት። አንገራገረ፣ ከዚያ ፈቀደ። በረዶውን ለወጥን። መነጽሩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን።

ባዶውን ሰማይ አየሁ፤ ቀስቱ ተኛ። ወደ ወለላ አዞርኩ፤ ተነሣ። ወደ ባዶው መለስኩ፤ ተኛ። ከሌላኛው ወገን ያለውን ባዶ ሰማይም ሞከርኩ፤ ተኛ። ወለላ፤ ተነሣ። ብርሃን ሹሙን ጠርቼ እሱ እንዲያዞረው አደረግሁ፤ ለእሱም ተነሣ። የበረዶው ሣጥን ላይ ተቀመጥኩ።

"አለች" አልኩ። "ከትቢያዋ ውስጥ ናት። ሙቀቷም የዋዛ አይደለም፤ በደኅና ዘመኗ ታበራ ከነበረው ያነሰች አትመስልም።"

"አትመስልም?" አለ ብርሃን ሹሙ።

"አላነሰችም" አልኩ፣ ቀስቱን እንደገና ካየሁ በኋላ።

የምድጃ ሹሙ ጎንበስ ብሎ ቀስቱን መረመረና ቀና አለ። "ግልጽ ነው" አለ። "ፍሙ አለ። ተዳፍኗል።"

"እንዲህ ያለ ቃል በአዋጁ የለም" አለ ብርሃን ሹሙ። "ወይ ተወለደች ነው፣ ወይ ሞተች።"

"በእናንተ አዋጅ አይኖር ይሆናል። በእኛ ደንብ እሳት ሦስት ዓይነት ነው፤ የነደደ፣ የጠፋ፣ የተዳፈነ። የተዳፈነ እሳት ያለበትን ቤት ጠፍቷል ብሎ ሰው ያስወጣ ሹም ምን እንደሚደረግ ላንብብልዎ?"

"አያስፈልግም" አለ ብርሃን ሹሙ።

ወደ እኔ ዞረ። ድምፁ ሌላ ሆኗል፤ እኔ ብርሃን ቤት የገባሁ ጊዜ የነበረው ድምፅ ነው፣ የማወቅ ፍላጎት ያለበት። "እሺ፣ አልሞተችም። ታዲያ ያ ሁሉ ብርሃን ምን ነበር?"

"ሁለት ነበሩ፣ ጌታዬ። በየዓመቱ ዙሩ እያጠረ መምጣቱን ነግሬዎት ነበር። ተቀራርበው ተቀራርበው በመጨረሻ አንዷ ሌላዋ ውስጥ ገባች። ቦግ ያሉት ያኔ ነው። ሲገናኙ የረጩት ትቢያ ነው ያቀላቸው፣ ኋላም የሸፈናቸው። ሞት ቢሆን ኖሮ ከትቢያው ሥር ይህን ያህል የሚሞቅ ነገር ባልተረፈ። አሁን ያለችው አንዲት ትልቅ ኮከብ ናት።"

"በአንድ ቃል ንገሪኝ። ከበሮው ለረጅም ንግግር አይመችም።"

አሰብኩ። "ገጠሙ" አልኩ።

ብርሃን ሹሙ ግንባሩን ቋጠረ። "ተደባድበው ነው ወይስ ተጋብተው?"

"ይህን መነጽሩ አይለይም" አልኩት፤ ስለማይለይ።

ዳምጤ በበሩ ተደግፎ ይስቅ ነበር። ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ እንባው እየወረደ፣ ድምፅ ሳያወጣ ይስቅ ነበር።

በማግስቱ ከበሮው ተመታና የወለላ ኮከቦች መግጠማቸው ታወጀ። ኮከብ የገጠመለት ሰው ትዳሩ እንደጸና ስለሚቆይ ወንዙን የተሻገረ ሰው አልነበረም። ጨረቃዋ ሞላች፤ እኛም በደጃፍ ተቀምጠን እንደ ማንኛውም ጨረቃ አየናት። የምድጃ ጽሕፈት ቤት ደግሞ ወለላ እስከሚቀጥለው ክረምት የጭስ ማውጫ እንድታሠራ የሚያዝ ማስጠንቀቂያ አወጣ። የሚያደርስላት ስለጠፋ ግንቡ በር ላይ ተለጥፏል። ዝናብ እንዳይነካው ዳምጤ ከላዩ ትንሽ ክዳን ሠራለት።

ሰው ምላሱን ለማቅናት ጊዜ ወስዶበታል። ቢተው በሩን ሊወስድ መጥቶ፣ "ዳምጤ ጎበዝ ነበ..." ብሎ ቆመ። ፊቱ ቀላ። "ጎበዝ ነው" አለ ቀስ ብሎ፣ እንደ አዲስ ጫማ እየሞከረው። ዳምጤ የበሩን አንድ ጫፍ ይዞ ቤቱ ድረስ አደረሰለት።

እኔ ግን ገና ልቤ አላረፈም ነበር። በየምግቡ አፉን እጠብቃለሁ፤ "እወድ ነበር" እንዳይል እፈራለሁ። እናቴም መጥታ አልታየችም ነበር። በሳምንቱ መጣች። ብርድ ነበር። ዳምጤ ከጓሮ ገባ፣ ቁጭ አለ፣ ሳይጠይቀኝ በርበሬውን ስቦ እንጀራው ላይ ደፋው፣ ጎረቤት እስኪሰማ ማላመጥ ጀመረ። ነፋሱ ከኋላው ገባ። እናቴ ነጠላዋን በአንገቷ ጠመጠመችና አየችው።

"ይሄ ሰውዬ" አለች፣ "ዛሬም በሩን አይዘጋም።"

ዳምጤ ማላመጡን አቆመ። እኔ ጉርሻዬን አስቀመጥኩ።

"ምን ታዩኛላችሁ?" አለች እናቴ። "አይዘጋም! በርበሬም ያበዛል! ዕድሜ ልኩን እንዲህ ነው፤ ወደፊትም አይለወጥም!"

ተነሥቼ እጇን ሳምኩ። ደንግጣ እጇን ነጠቀችኝ። በሩን ማንም አልዘጋውም፤ እስክንጨርስ በብርዱ በላን።